ከና በኋላ ያለውን አንብብ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእህቴ ለጠብታ፤

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ከእኔ በላይ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው የለም። ኬሚስቷ አለች፤ እሷን ተያት፣ የተቀጠረችው ለዚሁ ነው። የፈረቃ ኃላፊውም ትንሽ ይነካካዋል። ሚዛን የሚጠግነው ሰውዬም እንዲሁ። እንግዲያው አራተኛ ነኝ። ከአራት ግን አልወርድም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካላመንሽ ደግመሽ አንብቢው። በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። እስክሪብቶው የኬሚስቷ ነው፤ እጁ ግን የእኔ ነው። ሬዲዮ አልጻፈልኝም። ሬዲዮ ማለት የግምጃ ቤታችን ሠራተኛ ነው፤ እስካሁን ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ፣ መልሱንም ሲጽፍልኝ የኖረው እሱ ነው። ሬዲዮ ያልነው ያነበበውን እስከ ምሳ ሰዓት ለመላው ፋብሪካ ስለሚያሰራጭ ነው። ልብስ ሰፊው ባልሽ የራሱን ኮት ሲሰፋ አንዱን እጅጌ እንዳሳጠረው እዚህ በር ጠባቂው ሳይቀር ያውቃል።

ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽኝ፣ ወገቤ አለ። ከእኔ ቀድሞ ይነሳል፣ ከእኔ በኋላ ይተኛል። ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽኝ ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ኬሚስቷ በመስከረም ደንብ አወጣች። ከታኅሣሥ ሃያ በኋላ የጆንያ ጽሑፍ ማንበብና በትክክል መለካት የማይችል ሰው መቀላቀያ ክፍል አይገባም። ፈተና አለ። የወደቀ ወደ ጭነት ይዛወራል። ጭነት ማለት ሃምሳ ኪሎ በትከሻ ነው፤ ወገቤን ደግሞ ከላይ አስተዋውቄሻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቀላቀልኩበት ክፍል ነው፣ ጠብታ። ከዚያ ሊያስወጡኝ ከፈለጉ ግድግዳውን አብረው ቢነቅሉት ይሻላቸዋል።

እስካሁን ጆንያዎቹን የምለያቸው በተሰፉበት ክር ነበር። ቀይ ክር፣ ኮስቲክ ሶዳ፤ የሚያቃጥለው። ሰማያዊ ክር፣ የልብስ ሶዳ። ነጭ ክር፣ ጨው። አሁን አቅራቢው ተቀየረና ሦስቱም በነጭ ክር ተሰፍተው መጡልኝ። ሦስት ነጭ ጆንያ፣ ሦስት ነጭ ክር፣ ውስጣቸውም ነጭ። ደግነቱ የማታ ትምህርት አስተማሪያችን የእኛን ፊደል እንደጨረስን የላቲኑንም አስቆጥሮናል። ወደ መጀመሪያው ጆንያ ተጠጋሁ። N አለ፤ ከጎኑ a አለ። ገጣጠምኩት፦ ና።

ከክፍል ውጭ በሕይወቴ ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው፤ ጆንያ ና ሲለኝ። ሄድኩ። ሁለተኛውን አየሁ፣ እሱም ና ይላል። ሦስተኛውም ና። በአንድ ጊዜ ሦስት ጆንያ የሚጠራው ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። የትኛው ነው ውኃው ውስጥ የሚገባው? ሬዲዮ «የጠራህን ሁሉ ክተት» አለኝ። ኬሚስቷን እንዳልጠይቅ ፈታኜ እሷ ናት።

አንቺ ኬሚስትሪ ታስተምሪያለሽ። በትከሻዬ ተሸክሜ ትምህርት ቤት ያደረስኩሽ እኔ ነኝ፤ እስከ በሩ ድረስ። ወደ ውስጥ አልገባሁም ነበር። እስቲ አሁን አስገቢኝ።

ወንድምሽ፣ አራተኛው ኬሚስት


ጥቅምት 21

ጋሼ፤

ደብዳቤህን አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለባለቤቴ፣ አንዴ ለተማሪዎቼ አነበብኩት። ተማሪዎቼ «ከአራት ግን አልወርድም» የሚለውን ሰሌዳው ላይ ጽፈውት ሁለት ቀን ማንም አላጠፋውም። ባለቤቴ ስለ እጅጌው ተናድዶ ነበር፤ በር ጠባቂው ሳይቀር የሚለው ጋ ሲደርስ ግን ሳቀ።

የገደፍካቸው ሁለት ፊደላት አሉ። የትኞቹ እንደሆኑ አልነግርህም፤ ወድጃቸዋለሁ።

ወደ ጆንያህ ልመለስ። Na የሶዲየም ምልክት ነው። ሶዲየም ንጥረ ነገር ነው። ንጥረ ነገር ማለት ብትፈጨው ብታፈላው ወደ ሌላ ነገር የማይከፈል፣ ራሱን ብቻ የሆነ ነው። እንደ ፊደል አስበው። ፊደል የተቆጠረ ነው፣ ቃሉ ግን አያልቅም። ዓለምም እንደዚያው ናት፤ መቶ ከምናምን ንጥረ ነገር እየተገጣጠመ የተጻፈች። ሶዲየም ብቻውን ውኃ ሲነካ ይቀጣጠላል። ክሎሪን ብቻውን የሚያፍን ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲጋቡ ጨው ይሆናሉ፤ ወጥ ላይ የምንነሰንሰው። ባለቤቴ ይህን ሰምቶ «ሶዲየሟ አንቺ ነሽ» አለኝ። አልተከራከርኩም።

እንግዲህ ጋሼ፣ ና ስላለህ ብቻ አትሂድ። ከና በኋላ ያለውን አንብብ። ከና በኋላ OH ካለ ኮስቲኩ ነው። «ና… ኦህ» ብለህ ያዘው፤ በባዶ እጁ የነካው ሰው የሚያሰማው ድምፅ ነውና አይጠፋህም። Cl ካለ ጨው ነው። ከና ቀጥሎ ትንሽ 2፣ ከዚያ CO፣ ከዚያ ትንሽ 3 ካለ የልብስ ሶዳ ነው። እዚህ ላይ O ትልቅ መሆኗን ልብ በል፤ ካርቦንና ኦክስጅን ጎን ለጎን ቆመው ነው። o ትንሽ ብትሆን Co አንድ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር ይሆናል፣ ኮባልት የሚባል ብረት፤ ሰማያዊ ቀለም ይሠሩበታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ የላቲኑ ጣጣ ነው።

አሁን ብቻህን ስለምታነብ አንድ ነገር ልጻፍልህ። እስካሁን ብዙ ነገር የዋጥኩት በሬዲዮ እንዳይተላለፍ ብዬ ነው። አምና ይህን ጊዜ ግን ጨክኜ ሁለት ገጽ ጽፌልህ ነበር፤ ሆዴ ውስጥ የነበረው ሳይሰነብት የሄደ ጊዜ። መልስህ «ሁላችንም ደህና ነን፣ አዲስ ሚዛን መጣልን» የሚል ሆኖ መጣ። ተቀየምኩህ፣ ጋሼ። ደብዳቤው ደርሶህ ነበር? ካልፈለግህ አትመልስልኝ።

እህትህ ጠብታ


ኅዳር 5

ይድረስ ለጠብታ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ዘገየሁ ስልሽ የጻፍኩት በአንድ ቀን ነው፤ የቀረው ስምንት ቀን የሰረዝኩበት ነው።

ስለ አምናው ደብዳቤ ለጠየቅሽኝ፣ ደርሶኛል። የቀረውን ከፈተናው በኋላ እጽፍልሻለሁ። አሁን ልጻፈው ብል እስክሪብቶውን እሰብረዋለሁ፤ እስክሪብቶው ደግሞ የሰው ነው።

«ና… ኦህ» እዚህ ዘፈን ሆኗል። ሬዲዮ ሰምቶኝ ይኸው ከግምጃ ቤት እስከ ማሸጊያ ክፍል ሰው ሁሉ እየተላለፈ «ና… ኦህ» ይባባላል። ኬሚስቷ «ይህን ማን አስተማራችሁ?» ብላ ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኩ። አንቺን ያስተማርኩሽ እኔ ስለሆንኩ ብዙም አልዋሸሁም።

ስለ መለካት ለጠየቅሽኝ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ተዋርጃለሁ። ኬሚስቷ ጎኑ ላይ መስመር የተሰመረበት ረጅም ብርጭቆ ሰጥታኝ ውኃው ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቆሜ አየሁት።

«ሁለት መቶ አምስት» አልኩ።

«አጎንብስ» አለችኝ።

«እኔ ለሰው አጎንብሼ አላውቅም።»

«ለሰው ማን አለህ? ለውኃው ነው።»

አጎነበስኩ፤ ወገቤ ሰደበኝ። ዓይኔን ከውኃው ጋር እኩል ሳደርገው ጠርዙ ከፍ፣ መሃሉ ዝቅ ብሎ እንደ ሳህን ጎድጉዶ አየሁት። የሚነበበው የመሃሉ ዝቅታ ነው አለችኝ። ልክ ሁለት መቶ። ለካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከላይ ሆኜ ስመለከት ሁሉን ነገር አብዝቼ ነው የማየው። ራሴንም ጭምር። ይህን የመጨረሻውን ለባልሽ አታንቢለት።

ከሬዲዮ ጋርም ተሟግተናል። እሱ አንድ ሊትር ዘይት ከአንድ ሊትር ውኃ ይከብዳል ይላል፤ ወፍራም ስለሆነ። «ታዲያ ለምን ውኃ ላይ ይንሳፈፋል?» አልኩት። ዝም አለ። ሬዲዮ ዝም ሲል ባትሪው ያለቀ መስሎን ደነገጥን። ኋላ መዘንነው፤ ውኃው አንድ ኪሎ፣ ዘይቱ ከኪሎ ሰማንያ ግራም ጎደለ። ሬዲዮ «ሚዛኑ ተበላሽቷል» ብሎ ወጣ።

አንድ ነገር ደግሞ እኔ ላስተምርሽ። የእኛ ሀ እና ሐ እና ኀ መልካቸው ሦስት፣ ድምፃቸው አንድ። የእኔ ጆንያዎች መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ሦስት። ይህን ያስተዋለ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም ብዬ አስባለሁ። ካለም አልጻፈም። ከጻፈም እኔ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር።

ፈተናው ደርሷል። የሚያላብ ጥያቄ ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 18

ጋሼ፤

የሚያላብ ጥያቄ ካልክ እነሆ። ለሬዲዮ ግን እንዳታሳይብኝ።

ጥያቄ አንድ። ቁስ አካል ማለት ክብደት ያለውና ቦታ የሚይዝ ነገር ሁሉ ነው። ድንጋይ፣ ውኃ፣ አየርም ሳይቀር። ሐሳብ አይደለም፤ ቀልድም አይደለም። አሁን እኔ ዘንድ አንድ ነገር አለ። በዓይን አይታይም። ቦታ ግን ይይዛል፤ ባለቤቴ በሜትሩ ወገቤን ሲለካኝ በሰኔ ሰባ አራት ሴንቲሜትር ነበርኩ፣ ዛሬ ዘጠና ስምንት ነኝ። ክብደትም አለው፤ ሐኪሟ ሁለት ኪሎ ሳይሆን አይቀርም ትላለች። በየሳምንቱ ይጨምራል። እኔ ቁጭ ስል እሱ ይንቀሳቀሳል። ምንድን ነው?

ጥያቄ ሁለት። ሁለት ንጥረ ነገሮች፦ Na Co። የመጨረሻዋ ፊደል ትንሽ መሆኗን አትርሳ። ምን ይላል?

መልስህን ቶሎ ላክ። ይህን ለማንም አልጻፍኩም፤ አምና ለመንገር ቸኩዬ ስለነበር ዘንድሮ ፈራሁ። አሁን ግን ሐኪሟ «ጥር ሲጠባ» ስትል ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ጠብታ


ኅዳር 29

ይድረስ ለጠብታ፤

እውነት ለመናገር ከአስተማሪ ይህን ያህል ቀላል ጥያቄ አልጠበቅኩም።

የጥያቄ አንድ መልስ፦ ጋዝ ነው። በዓይን አይታይም፣ ቦታ ይይዛል፣ ክብደት አለው፣ ይንቀሳቀሳል። ሁሉም ነጥብ ይገጥማል። ነገር ግን ሁለት ኪሎ ጋዝ ቀልድ አይደለም፣ እህቴ። ባቄላ ቀንሺ። ሐኪም ለውጪ፤ ጥር እስኪጠባ ጠብቂ የምትል ሐኪም አልወደድኩልሽም። ባልሽም ሜትሩን ያስመርምር፤ ረግቦ ይሆናል። ኮቱን ያሳጠረውም ያው ሜትር ነው።

የጥያቄ ሁለት መልስ፦ ሶዲየምና ኮባልት። የመጨረሻዋ ፊደል ትንሽ መሆኗን አይቻለሁ፣ አልተሸወድኩም። ሰማያዊ ሳሙና ልታመርቱ ካላሰባችሁ በቀር ሁለቱ አብረው ምን እንደሚሠሩ ግን አላውቅም።

ሌላ ላኪ። ከበድ ያለ።

ወንድምሽ፣ ሦስተኛ ለመሆን ጥቂት የቀረው


ታኅሣሥ 9

ጠብታዬ፤

ሁለቱ መስመሮችሽ ደረሱኝ። የመጀመሪያው «ጋሼ፣ ጋዝ አይደለም» ይላል። ሁለተኛው «ያንን Na Co ጮክ ብለህ አንብበው» ይላል።

ማጠቢያ ገንዳው አጠገብ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ና ኮ። ደገምኩት። ና ኮ። ሦስተኛውን አልጨረስኩትም።

ሬዲዮ «ማን ነው የሚጠራህ?» አለኝ።

«እህቴ።»

«እዚህ የለችም እኮ።»

«ለዚህ ነዋ የምትጠራኝ» አልኩት።

ጆንያ ሲጠራኝ ሮጬ ሄጄ፣ እህቴ ስትጠራኝ ሰማያዊ ሳሙና ልሥራ እላለሁ። ስለ ባቄላው ይቅርታ። ሐኪሟንም ይቅርታ በይልኝ። ለባልሽ ሜትሩ ደህና ነው በይው፣ ምስክር ነኝ። ስለ ኮቱ ግን ቃሌን አላጥፍም።

ሬዲዮ ነገሩን አወቀ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አላወቀም። ቀኑን ሙሉ ስስቅ አይቶ አጠገቤ ሲዞር ዋለ። ይህችን ዜና የማሰራጨው እኔ ነኝ፤ ሰዓቱ ሲደርስ።

መምጣቱን እመጣለሁ ብዬ ነገ ልነሳ ነበር። ፈቃድ ስጠይቅ ኬሚስቷ መዝገቡን አየችና እንዲህ አለችኝ፤ ፈተናውን ካለፍኩ የአንድ ወር የዓመት እረፍቴን ወዲያው እወስዳለሁ። ከወደቅኩ ወደ ጭነት ስዛወር እንደ አዲስ ገቢ እቆጠራለሁ፣ ስድስት ወር ፈቃድ የለኝም። ስለዚህ በእኔና በአንቺ መካከል የቆመው ሦስት ጆንያና አንድ ረጅም ብርጭቆ ነው። አሁን እውነት አላበኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 15

ጋሼ፤

አጭር ነው፣ ከፈተናው በፊት እንዲደርስህ። እግሬ ስላበጠ አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ደህና ነኝ፣ እውነተኛ ደህና።

ኮስቲኩን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ ኮስቲኩ እንዳታፈስ። ጓንትና መነጽር ሳታደርግ እንዳትጀምር። ብርጭቆውን ስታነብ አጎንብስ። ጥያቄ ሲያቅተህ አትቀልድ፤ ዝም ብለህ አስብ። ከቻልክ።

ካልተሳካም ልጁ ሲያድግ እኛ እንመጣለን። ሆዴ ውስጥ ያለው ጠብታ ሌት ተቀን ይራገጣል፤ አንተን ሳይሆን አይቀርም የወጣው።

ጠብታ


ታኅሣሥ 23

ይድረስ ለጠብታ፤ ላልተወለደው ጠብታም ጭምር፤

ከሃያ አሥራ ስድስት። ማለፊያው አሥራ አራት ነው። ሦስተኛ ነኝ፤ የሚዛን ጠጋኙ ራሱ መስክሮልኛል፣ እኔ ስላስመሰከርኩት።

የሳትኩትን ለጠየቅሽኝ፣ አየርን ንጥረ ነገር ነው አልኩ። ለካ ድብልቅ ነው፤ ብዙ ጋዝ ሳይጋባ አብሮ የሚኖርበት። ጋዝ ነገር አይሆንልኝም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። የቀሩትን ሦስቱን ግን ለመርሳት እየሞከርኩ ነውና አታስታውሽኝ።

ጆንያዎቹን ለጠየቅሽኝ፣ ኬሚስቷ ሦስቱንም ግድግዳው ሥር አሰለፈቻቸውና «ኮስቲኩን አምጣ» አለች። ሦስቱም እንደ ልማዳቸው ና አሉኝ። ሬዲዮ በመስኮት አንገቱን አስግጓል። ጓንቴን አጠለቅኩ፣ መነጽሬን አደረግኩ፣ ከእያንዳንዱ ፊት አጎንብሼ ከና በኋላ ያለውን አነበብኩ። ሦስተኛው «ኦህ» አለኝ። ኬሚስቷ ወረቀቷ ላይ አንድ ምልክት አድርጋ ቀና ስትል ግን ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛ ነበር። ሬዲዮ እኔ ከክፍሉ ሳልወጣ ውጤቴን ለማሸጊያ ክፍል አስተላልፎት ደረሰ።

ያንቺንም ዜና ያኔ ነገርኩት። ሮጠ። በር ጠባቂው አሁን እጅጌውን ትቶ ስለ ልጁ ይጠይቀኛል።

የፊታችን ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ እነሳለሁ፤ ማታውን እዚያው ነኝ። ዕቃ ስንት እንደምይዝ ለጠየቅሽኝ፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣና ስድስት ሳሙና፣ ለልጁ ቆዳ እንዳይከረክር ኬሚስቷ ራሷ የመረጠችው። ቀልዶቼንም ሁሉ ይዣለሁ። ክብደት የላቸውም፣ ቦታም አይዙም፤ ስለዚህ በአንቺ ትርጉም ቁስ አካል አይደሉም፣ ሾፌሩ አያስከፍለኝም።

አሁን የአምናው ደብዳቤ። ከፈተናው በኋላ ብዬሽ ነበር።

ሬዲዮ ያንን ደብዳቤ ሲያነብልኝ ሁለቱንም ገጽ በዓይኑ ሄደበት። ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ «ደህና ነኝ፣ አታስብ ትላለች» አለኝ። ክፉ ዜና ማሰራጨት የማይችል ሬዲዮ ነው፤ ልቡ አይችልም፤ አልተቀየምኩትም፣ አንቺም አትቀየሚው። እኔ ግን መዝኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለት ገጽ ገብቶ ሦስት ቃል ሲወጣ የጎደለ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። የጎደለውን ደግሜ ልጠይቀው ፈራሁ። በሳምንቱ ሄጄ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ያኔ ደንብ የለም፣ ፈተና የለም።

ከጻፍኩልሽ ውስጥ የፈጠርኩት አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል በጆንያ ላይ ያለው ና ነው ብዬ ጽፌልሻለሁ። ውሸት ነው። በሰኔ ፊደሉን ቆጥሬ እንደጨረስኩ ያንን የአምናውን ደብዳቤሽን ካስቀመጥኩበት የሳሙና ካርቶን አውጥቼ ቃል ፍለጋ በጣቴ ሄድኩበት። ረጃጅሞቹ እምቢ አሉኝ። የመጨረሻው መስመር መነሻ ላይ አንዲት ቃል ነበረች፤ አንድ ፊደል ብቻ፣ በአንቺ እጅ። እሷ እሺ አለችኝ። ና ትላለች።

ከና በኋላ ያለውን ለማንበብ ሌላ ሳምንት ፈጀብኝ። «አንተ ካላሳቅኸኝ አልድንም» ይላል። ማንበብ እንጂ መጻፍ ገና አልቻልኩም ነበር፤ ይህን ደግሞ በሬዲዮ አልመልሰውም። መጻፍ ስችል አፈርኩና ጆንያውን አስቀደምኩት።

ጆንያው ሁለተኛ ነው፣ ጠብታ። መጀመሪያ የጠራሽኝ አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ